ጭቃው ምላጭ ይስላል ወይስ ያደነዝዛል?

ስለ ምላጭ በሚወራበት አንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ክር፣ ማለትም በአንድ ጥያቄ ስር የሚደረደር የመልስ ሰንሰለት፣ ተከፈተና ሳይታሰብ ረዘመ። ጥያቄው አጭር ነበር። ከመሳያ ድንጋይ ጋር አብራ የምትሸጠው ትንሿ ድንጋይ እውነት ጥቅም አላት ወይስ የሻጭ ማባበያ ናት?

ነገሩን የማያውቅ ሰው ሊኖር ስለሚችል ትንሽ ላስረዳ። ምላጭ የምለው ታጣፊውን፣ እጀታ ያለውን ነው። እሱን ለመሳል በጣም ደቃቅ ቅንጣት ያለው የተፈጥሮ ድንጋይ ይፈለጋል። ድንጋዩ ላይ ውሃ ጠብ ተደርጎ በትንሿ ድንጋይ ሲታሽ ቀጭን ጭቃ ይወጣል። ምላጩ ከዚያ በኋላ የሚመላለሰው በጭቃው ላይ ነው። ጠቡ ሁሉ በዚህ ጭቃ የተነሳ ነው። ከዚህ በታች ቁጥር ስጽፍ በክሩ ላይ በተራ የመጣውን መልስ ወይም ጸሐፊውን ማለቴ ነው።

1 ላይ ክሩን የከፈተው ሰው ያለው ቢጫው የቤልጂየም ድንጋይ፣ ኮቲኩል የሚባለው ነው። መጀመሪያ ምላጩን ባለ 1000 ቁጥር ሰው ሠራሽ ድንጋይ ላይ ይስላል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድንጋዩ ይሻክራል። ከዚያ ኮቲኩሉ ላይ ጭቃ አውጥቶ ይቀጥላል። ምላጩ ቶሎ ይሻሻላል፤ የክንድ ፀጉር መላጨት ይጀምራል። እዚያ ላይ ግን ቀጥ ይላል። ፊት ላይ ሲመጣ አገጭ አካባቢ ይጎትታል። ጭቃውን አጥቦ በንጹህ ውሃ ቢሞክርም ለውጥ የለም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በትንሿ ድንጋይ ላይ ደፈደፈው። አጻጻፉ ግን ጨዋ ነው። የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲያስረዳው ለምኖ ነው የዘጋው።

2 ሰላምታ ካቀረበ በኋላ መልስ አልሰጠም፤ እሱም ጠየቀ። ጭቃው ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ምላጩ ጀርባ ላይ ብረቱ እንዳይፋቅ የሚለጠፍ ቴፕ እንዳለ፣ ከሳለ በኋላ ስለት ማለስለሻው ቆዳ ላይ እንደሚያመላልሰው ጠየቀ። በመጨረሻም ምላጩ ከባለ 1000ው ድንጋይ ሲነሳ ስለቱ ከዳር እስከ ዳር መያዙን አረጋግጦ እንደሆነ ጠየቀ። ይቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ ያዙልኝ። በክሩ ላይ ግን ለረጅም ጊዜ ዞር ብሎ ያያት የለም።

ትምህርቱ የመጣው ከ3 ነው። ኮቲኩል የሚወጣው ከአርደን፣ ከቪየልሳልም አካባቢ ነው። ውስጡ ጋርኔት በሚባል ማዕድን ደቃቅ ፍሬዎች የተሞላ ነው። ዓይነቱ ስፔሳርቲን ነው፤ ማንጋኒዝ ያለበት። ፍሬዎቹ ብዙ ገጽ ስላላቸው ወደ ክብነት ያደላሉ። ብረቱን ይፍቁታል እንጂ በጥልቀት አይቦጭሩትም። ድንጋዩ ውስጥ ተተክለው ሲቀመጡ ብረቱን የሚነኩት በአናታቸው ብቻ ነው። ጭቃ ሲወጣ ግን ይለቀቁና ይንከባለላሉ፤ በሁሉም ጎናቸው ይሠራሉ። ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ምላጩ ወደፊት ሲገፋ ጫፉ የሚያልፈው በተለቀቁት ፍሬዎች መሃል ነው። ጎንና ጎኑ እየተሳለ ጫፉ ከፍሬዎቹ ጋር ይላተማል። ጎኑ ያገኘውን ያህል ጫፉ የሚያጣበት ደረጃ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቢያመላልሱት ፈቀቅ አይልም። እንደ 3 አባባል መላው ጭቃውን ማቅጠን ነው። ጣትን ውሃ ውስጥ ነከር አድርጎ አንድ ጠብታ መጨመር፣ ጥቂት ማመላለስ፣ እንደገና አንድ ጠብታ። ፍሬው እየሳሳ ይሄድና መጨረሻ ላይ ንጹህ ውሃ ብቻ ይቀራል። በዚህ መንገድ የሚስሉ ሰዎች ዲሉኮት ይሉታል።

እኔን ብትጠይቁኝ ለጥያቄው ይሄ በቂ ነበር። ግን ገና ሦስተኛው ላይ ነን።

4 በ3 ሐሳብ ተስማምቶ የራሱን ጨመረበት። አንዴ ቸኩሎ ጭቃው ገና ወፍራም እያለ የቧንቧ ውሃ ለቀቀበትና ጠራርጎ ወሰደው። ከዚያ በንጹህ ውሃ ቢያመላልስ ቢያመላልስ ምላጩ ንቅንቅ አላለም። ኮቲኩል በውሃ ብቻ ሲሠራ በጣም ቀርፋፋ ነው። ወፍራም ጭቃ ያደነዘዘውን ጫፍ ውሃ ብቻውን ለመመለስ አቅም የለውም። ክሩን የከፈተው ሰው ላይ የደረሰውም ይሄው እንደሆነ ጠረጠረ። ግማሹን አግኝቶታል።

5 እርማት ይዞ መጣ። የጋርኔቱ ፍሬ ከ5 እስከ 20 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) እንደሚሆን፣ በቢጫው ድንጋይ ውስጥ ያለው ድርሻም ከ30 እስከ 40 በመቶ እንደሚደርስ ጻፈ። አብሮት የሚወጣው ሰማያዊው ድንጋይ ያነሰ ጋርኔት ስላለው ዝግ ይላል። ደግሞም ኮቲኩል ሁሉ አንድ አይደለም። ድንጋዩ በምድር ውስጥ የተነጠፈው በቀጫጭን ንብርብር ነው፤ ንብርብሮቹም ላ ቬኔት፣ ላ ድረሳንት እየተባሉ ስም አላቸው። አንዳንዱ ለስላሳ ነው፤ ማንም ሳያሸው ከምላጩ ስር ራሱ ጭቃ ይለቃል። እንዲህ ያለ ድንጋይ ያለው ሰው በንጹህ ውሃ እየጨረስኩ ነው እያለ ሳያውቀው በጭቃ ላይ ነው የሚሠራው። ይሄ እርማት ክብደት ያለው ነው። 3 ራሱ ተመልሶ አመስግኖታል፤ በዚህ መድረክ ብርቅ ነገር ነው።

6 ላይ የጃፓን ድንጋይ ወገን ገባ። ሲገባም በሩን ገፍቶ ነው። ቤልጂየሞች ላይ የሚንጠላጠሉ ሰዎች በጠብታ ቁጥር ሲገምቱ እንደሚኖሩ፣ ሥርዓት ያለው አሠራር ግን በጃፓን ብቻ እንደሚገኝ ነገረን። ነገረ ሥራው ቢያናድድም የያዘው እውቀት የሚናቅ አይደለም። በኪዮቶ ዙሪያ የሚወጡት የማጠናቀቂያ ድንጋዮች፣ አዋሴዶ የሚባሉት፣ ብዙዎቹ ጠንካራ ናቸው። ጠንካራው ድንጋይ በራሱ ጭቃ አይሰጥም። ስለዚህ ጭቃው ከሌላ ድንጋይ ይመጣል፤ ይሄውም በአይቺ ግዛት የሚገኘው ነጩ ሚካዋ ናጉራ ነው (ናጉራ የሚሉት ጭቃ ማውጫዋን ትንሽ ድንጋይ ነው)፤ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ። ደረጃም አለው። ቦታን ሻካራው ነው። ቀጥሎ ቴንጆ፣ ከዚያ ሜጂሮ፣ መጨረሻ ላይ ኮማ። አንድ አዋሴዶ ላይ እነዚህን በተራ እያሹ፣ በየመሃሉ እያጠቡ ይሄዳሉ። ትልቁ ድንጋይ ሳይቀየር ሥራው ከሻካራ ወደ ደቃቅ ይሸጋገራል። መደምደሚያው ቶሞ ናጉራ ነው፤ ከትልቁ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ቁራጭ።

እዚህ ላይ የክሩ ጥያቄ ተቀየረ። ትንሿ ድንጋይ ትጠቅማለች ወይ የሚለው ቀርቶ ጭቃው የየትኛው ድንጋይ ነው ወደሚለው ሄደ። 7 በሁለት መስመር ጨረሰው። ሁለት ድንጋይ ሲታሽ የሚፈርሰው ለስላሳው ነው። ትንሿ ከትልቁ ለስላሳ ከሆነች ጭቃው የእሷ ነው። ከጠነከረች ጭቃው የትልቁ ነው፤ እሷ መፋቂያ ብቻ ናት። እኩል ከሆኑ ከሁለቱም ይወጣል። ሰው ድንጋዩን ሳያውቅ ስለ ጭቃው የሚከራከርበት ምክንያት አይገባኝም፤ የ7 ሁለት መስመር ከብዙዎቹ ረጃጅም ጽሑፎች በልጦብኛል።

8 ግን ትንሿን ድንጋይ ጨርሶ ጣላት። እሱ ጭቃ የሚያወጣው በአልማዝ ፕሌት፣ የአልማዝ ፍሬ በተለጠፈበት ጠፍጣፋ ብረት ነው። ያረጀ ደቃቅ ፕሌት ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታሽ ድንጋዩ ወዲያው ይለቃል። ጭቃው ንጹህ የትልቁ ድንጋይ ነው፤ ባዕድ ነገር የለበትም። ድንጋዩም አብሮ እየተስተካከለ ይሄዳል። 9 በዚህ አልተስማማም። አዲስ ፕሌት የአልማዝ ፍሬ ሊጥል ይችላል፤ አንዷ ፍሬ ከምላጩ ስር ከገባች ስለቱን ትሸርፈዋለች። ከዚያም በላይ ፕሌቱ የድንጋዩን ፊት ይቧጭረዋል። ለማጠናቀቅ የሚፈለገው ደግሞ የለሰለሰ ፊት ነው። 10 ላይ 8 ተመልሶ መጣ። ያረጀ ማለቱን ሰው አንብቦ እንዲመልስለት ጠየቀ፤ አጠያየቁ ግን ጥያቄ አይመስልም። እስከ 5 ድረስ እርስዎ ሲባባሉ የነበሩ ሰዎች ከዚህ ጀምሮ አንተ ተባብለዋል። የክርን ሙቀት ለመለካት ከዚህ የተሻለ ቴርሞሜትር የለም።

11 ነገሩን ያበረደ መስሎት ስለ ቱሪንገን ድንጋይ አወራ። በጀርመን ቱሪንገን፣ ሶነበርግና ሽታይናክ አካባቢ ይወጣ የነበረው ይህ ድንጋይ የሰሌዳ ድንጋይ ወገን ነው። ኤሸር የሚባለው የቀድሞ አምራች ድንጋዩን በሳጥን ሲሸጥ የዚያኑ ዓይነት ትንሽ ማሻ ድንጋይ አብሮ ያቀርብ ነበር። እንደ 11 ሐሳብ ይሄ ማባበያ ሳይሆን የመሣሪያው አካል ነው። የቱሪንገን ጭቃ በጣም ደቃቅና ለዘብ ያለ ስለሆነ ጫፉን እንደ ሌሎቹ አይደበድበውም። አንዳንድ ሰው ሥራውን በቀጭን ጭቃ ላይ ይጨርሰዋል፤ ውሃውን የሚጠቀመው ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ምልልሶች ብቻ ነው።

ኤሸር የሚለው ስም በተነሳ ቁጥር ምን እንደሚሆን መድረኩን የሚያዘወትር ሰው ያውቀዋል። ከ12 እስከ 15 ያለው ሁሉ ገበያ ነው። ቢጫ አረንጓዴው ይበልጣል፣ የለም ጥቁር ሰማያዊውም አያንስም። የወረቀት ምልክቱ ከላዩ ካልተነሳ ዋጋው ይሰቀላል። አንዱ ሌላውን ድንጋይ እየቆራረጠ ይሸጣል ብሎ ወቀሰው። የተወቀሰው ደግሞ ወቃሹ የመግዛት አቅም ስላጣ ነው የሚያወራው አለው። የመድረኩ ተቆጣጣሪ ሁለት መልስ አጥፍቷል፤ ስለዚህ ምን እንደተባባሉ የቀረውን ከቁጣው መጠን መገመት ነው።

16 ወደ ጉዳዩ መለሰን። ይሄ ሰው ማይክሮስኮፕ አለው። ብዙ ሰው ጭቃው ሲመላለስ ይደቃል፣ ስለዚህ ስለቱ በራሱ እየረቀቀ ይሄዳል ብሎ ያምናል። ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው የጭቃው መጥቆር ነው። 16 ይሄን አፈረሰው። ጭቃው የሚጠቁረው የተፋቀ ብረት ስለሚገባበት ነው። ጥቁረቱ ድንጋዩ ብረት እየበላ መሆኑን ይናገራል፤ ስለ ፍሬው መጠን የሚናገረው ነገር የለም። በተለይ ጋርኔት በምላጭ ክብደት የሚሰበር ነገር አይደለም። የሚፈርስ ካለ ተጣብቀው የወጡ ፍሬዎች ስብስብ ነው፤ እነሱ ይበታተናሉ። ስለዚህ ኮቲኩል ላይ የሚሠራው ውሃው ነው፤ ፍሬውን ያራርቀዋል። ይሄን በማሰሮ የሚያህል ጽሑፍ ሳይሆን በአጭሩ ነው ያስቀመጠው።

17 ተቆጣ። ፊቱን የሚላጨው በምላጭ እንጂ በማይክሮስኮፕ እንዳልሆነ፣ እጁ የሚነግረውን ማንም ፎቶ እንደማይሽርበት ጻፈ። እጅ ብዙ ነገር እንደሚያውቅ እቀበላለሁ። ነገር ግን 16 የእጁን ስሜት አልካደም፤ ምክንያቱን ብቻ ነው የቀየረው። ጭቃው ደቀቀም ሳሳም እጅ ላይ የሚሰማው ልስላሴ ያው ነው።

18 በዘይት የሚስለው ነው። በእያንዳንዱ ክር ላይ አንድ አይጠፋም። አርካንሳስ ድንጋይ ብቻ እንደሚበቃ፣ ጭቃ የሚባል ጣጣ እንደሌለበት ነገረን። 19 በትዕግሥት አስረዳው። የአርካንሳስ ድንጋይ ኖቫኩላይት ነው፤ ደቃቅ የኳርትዝ ፍሬዎቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው የተያያዙ ናቸው። በትንሽ ድንጋይ ቢታሽ አይለቅም፤ ፊቱ ይለሰልሳል እንጂ። ስለዚህ ጭቃ አለመኖሩ የድንጋዩ ተፈጥሮ ነው፤ ለኮቲኩል ባለቤት ምክር አይሆንም።

20 ላይ ክሩን የከፈተው ሰው ብቅ አለ። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሃል ወደ 2 ተመልሶ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ መልሷል። የምላጩን ጎን በማርከር ቀብቶ ባለ 1000ው ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ አስኬደው። መሃሉና ጫፉ ጋ ቀለሙ ተጠረገ። ከእጀታው በኩል ያለው ክፍል ላይ ግን ስለቱ ጥግ ድረስ ቀለሙ እንዳለ ቀረ። ለካ እዚያ ጋ ሁለቱ ጎኖች ገና አልተገናኙም። ጭቃ ቢኖር፣ ባይኖር፣ ናጉራ ቢቀያየር የማይለወጥ ነገር ነው። ወደ ሻካራው ድንጋይ ተመልሶ አስተካከለ፤ ከዚያ በ3 መንገድ ጭቃውን እያቀጠነ ወረደ። አገጩ ላይ መጎተቱ ቀርቷል።

21 ድሮም ብዬ ነበር አለ። ወደ ላይ ሄጄ ፈለግኩ፤ 21 ከዚህ በፊት በክሩ ላይ አንድም ቃል አልጻፈም።

22 ግን ልብ የሚሞላ ነገር ይዞ መጣ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ ያለ ሰው ነው፤ አጻጻፉም ሥራውን ያሳብቃል። ማርከር ሳይቀባ በዓይን የሚያይበትን መንገድ ዘረዘረ። ሲጀምር ጭቃውን እንደ ወተት ያወፍረዋል፤ ከዚያ በላይ አይፈልግም። ምላጩን ጀርባውም ስለቱም ድንጋዩን እንደነካ ወደፊት ይገፋል። አይጫንም፤ የጣቱ ክብደት ብቻ። ዓይኑ ያለው ከስለቱ ፊት ባለችው የጭቃ መስመር ላይ ነው። ስለቱ ካልተያያዘ ጭቃው ከስሩ ሾልኮ ያልፋል፤ ምላጩ ሲያልፍም ድንጋዩ ላይ ሳይነካ ይቀራል። ከተያያዘ ግን ስለቱ ጭቃውን ከድንጋዩ ላይ እየላጠ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ጭቃው የምላጩ ገጽ ላይ ይወጣና ይተኛል። ይሄ ከእጀታው እስከ ጫፉ እኩል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ከተቆረጠ ሥራ የቀረው እዚያ ነው። ጭቃው እየቀጠነ ሲሄድ ደግሞ ድምፁ ይለወጣል፤ ሽርሽርታው ይጠፋና ምላጩ ድንጋዩን መሳብ፣ መጣበቅ ይጀምራል። ያኔ ንጹህ ውሃ ላይ ጥቂት ተመላልሶ ወደ ቆዳው ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ተበታተነ። 23 የወጥ ቤት ቢላ ላይ ጭቃ ስለቱን ጎድቶበት እንደማያውቅ ጽፎ ነገሩ ሁሉ የተጋነነ ነው አለ። 24 ማዕዘኑን አስታወሰው። የምላጭ ሁለት ጎን የሚገናኘው ከ16 እስከ 17 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ማዕዘኑንም የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ነው። የቢላ ስለት ብዙ ጊዜ 30 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ወፍራም ጫፍ የጭቃውን ግጭት ይችለዋል። ሽንኩርትም እንደ አገጭ አያማርርም። 25 ስለ ማለስለሻው ቆዳና እሱ ላይ ስለሚቀባው ክሮሚየም ኦክሳይድ ጀመረ፤ ማንም አልተከተለውም።

26 የጻፈችው ስለ ጤና ነው፤ ቀደም ብሎ መምጣት ነበረበት። ድንጋይ ሲስተካከል የሚደርቀው ጭቃ ብናኝ ይሆናል። የሰሌዳ ድንጋይና ኖቫኩላይት ኳርትዝ አላቸው፤ የእሱ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ሲሊኮሲስ ያመጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ በእርጥቡ መሥራት፣ የደረቀውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ። አያይዛም የትንሿን ድንጋይ ጠርዞች ማለስለስ እንደሚገባ አስታወሰች። ስል ጠርዝ ሲታሽ ይሸረፋል፤ ሽራፊዋ ጭቃው ውስጥ ከቀረች ምላጩን ትነክሳለች።

27 ሰማያዊውን ማሻ ቢጫው ላይ ቢጠቀም ምን እንደሚሆን ጠየቀ። 28 ጭቃው የሁለቱ ድብልቅ እንደሚሆን፣ ለመጨረሻው ሥራ ግን ከዚያው ከቢጫው የተቆረጠ ቁራጭ እንደሚሻል መለሰለት። ባዕድ ድንጋይ ሲገባ ምን ምን እንዳደረገ መለየት ያስቸግራል።

29 ጨርሶ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ከአሮጌ ዕቃ ጋር ጥቁር ሰማያዊ ድንጋይ አግኝቷል፤ ምልክት የለውም። ቱሪንገን ይሆናል ብሎ ተስፋ አድርጓል፤ ፎቶም ለጥፏል። ሁለት ሰዎች ከፎቶው ብቻ ኤሸር ነው ብለው ፈረዱ። 30 ፎቶ እንደማይበቃ፣ ድንጋዩን አርጥቦ በአልማዝ ፕሌት ጥቂት አሽቶ የጭቃውን ቀለም እንዲናገር ጠየቀው። የቱሪንገን ድንጋይ ጥቁር እንኳ ቢመስል ጭቃው ወደ ነጭ ያደላል። ባለ ድንጋዩ ሞክሮ ተመለሰ፤ ጭቃው ሐምራዊ ነው። 30 ሰማያዊው የቤልጂየም ድንጋይ መሆኑን ነገረው፤ ከቢጫው በፊት በጭቃ ቢሠራበት ጥሩ እንደሆነም ጨመረለት። ኤሸር ብለው የፈረዱት ሁለቱ ዝም አሉ። 33 ግን ሰማያዊውን ስንት እንደሚሸጠው ጠየቀው፤ ተቆጣጣሪውም ጥያቄውን ወደ ገበያው ክፍል አዛወረው።